የመርከብ ላይ ሙዚቀኛ፤ ሥራውና ዝናው

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋራ አንድ ማታ ተሰብስበን ስለ አንድ ፊልም እንጫወት ነበር። ፊልሙ በመርከብ ላይ ተወልዶ፥ በመርከብ ላይ ፒያኖ ሲመታ ኖሮ፥ በመርከብ ላይ ስለ ሞተ ሰው የሚተርክ ነው። ከመካከላችን አንደኛው፥ «እንዲህ ያለ ጥበበኛ ከቶ አይገኝም፤ ልቤን ነካው» አለ። ሁለተኛው ፈገግ ብሎ፥ «ተረት ነው እንጂ መርከብ ላይ የሚጫወት ሰው ምን ጥበብ አለው? መንገደኛው እንዳይሰለች የተቀመጠ አዝማሪ ነው፤ እንደ ወንበሩና እንደ መብራቱ ከመርከቡ ዕቃ አንዱ ነው» ሲል መለሰለት። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቈየ። ወደ ቤታችን ስንመለስ ነገሩን ብናሰላስለው፥ ሁለቱም ወዳጆቻችን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ መቅረታቸውን ተገነዘብን። ያደነቀውም የናቀውም፥ ያ ሰው በየማታው ሠርቶ የሚያድርበት ሥራ ምን እንደ ሆነ አልጠየቁም።

ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ የተዘጋጀ ነው። ስለ መርከብ ሙዚቀኛ ከሚነገሩት ታሪኮች ሦስቱን እንመረምራለን። አንደኛው በ1912 ከታይታኒክ ጋራ ስለ ሰጠሙት ሙዚቀኞች የሚነገረው ዝና ነው። ሁለተኛው በ1994 በኢጣልያ የተጻፈው የኖቬቼንቶ ታሪክ ነው፤ ወዳጆቻችን የተከራከሩበት ፊልም የተሠራው ከዚሁ ነው። ሦስተኛው በአሜሪካ በሚሲሲፒ ወንዝ በሚመላለሱ መርከቦች ላይ ይጫወቱ የነበሩ ሙዚቀኞች ስለ ራሳቸው የተዉልን ቃል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ በኛ አቈጣጠር የሆነውን ለይተን እናመለክታለን።

በመጀመሪያ የሥራውን ጠባይ እንይ። ወደ ቴአትር ቤት የሚሄድ ሰው ሙዚቃውን ፈልጎ፥ ዋጋውንም ከፍሎ ይገባል፤ ካልወደደው ተነሥቶ ይወጣል። የመርከብ መንገደኛ ግን የከፈለው ለመሻገሪያ ነው። ሙዚቃውን ባይጠራውም ሙዚቃው ከተቀመጠበት ድረስ መጥቶ ያገኘዋል። ቢጠላው እንኳ ዙሪያው ውሃ ስለ ሆነ የሚሄድበት የለውም። ሙዚቀኛውም እንደዚሁ የሚሸሽበት የለውም፤ ማታ ያላስደሰተውን ሰው ጧት ቁርስ ላይ ያገኘዋል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሽማግሌው ዝግ ያለ ዳንስ ይሻል፤ ወጣቱ ፈጣኑን ይሻል፤ ባሕር የያዘው ሰው ዝምታን ይሻል፤ የሰከረው ደግሞ አሁን ያለቀው ዘፈን እንደ ገና እንዲጀመርለት ይጮኻል። ወለሉም አንዳንድ ጊዜ ከእግር በታች ይወዛወዛል። ይህን ሁሉ ችሎ ሰውን ደስ ማሰኘት የሙዚቀኛው ፈንታ ነው።

ዛሬም በባልቲክ ባሕር ላይ በስቶክሆልምና በሄልሲንኪ መካከል ሌሊቱን በሚመላለሱት ትላልቅ የመሸጋገሪያ መርከቦች ውስጥ የዳንስ አዳራሽና ባንድ ይገኛል። መንገደኛው አንድ ሌሊት አድሮ ይወርዳል፤ ባንዱ ግን ከሌላ መንገደኛ ጋራ በመጣበት ይመለሳል። ለመንገደኛው በዓል የሆነው ሌሊት ለሙዚቀኛው የሥራ ቀን ነው። ይህን ልዩነት ሳይዝ የሚነሣ ትችት ከመነሻው መንገዱን ይስታል ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ታሪክ እንሂድ። ታይታኒክ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ኤፕሪል 15 ቀን 1912 ከመንጋቱ በፊት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ስትሰጥም፥ በውስጧ ስምንት ሙዚቀኞች ነበሩ። መሪያቸው ዋላስ ሃርትሊ የተባለ የቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ጀልባዎቹ ሲወርዱና ሕዝቡ ሲታወክ፥ እነዚህ ሰዎች ሰው እንዳይሸበር ብለው ሙዚቃቸውን ሲጫወቱ መቈየታቸውን ከሞት የተረፉት መስክረዋል። ከስምንቱ አንድም አልተረፈም። የሃርትሊ አስከሬን ከባሕር ተገኝቶ ላንካሽር ውስጥ ባለችው በትውልድ ከተማው በኮልን ሲቀበር፥ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ወጥቶ ሸኘው። ከዚያ ወዲህ ስለ እነርሱ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ፊልሞች ተሠርተዋል፤ ሐውልቶችም ቆመዋል። የመጨረሻው ዜማ መዝሙር ነበር ወይስ የዳንስ ዜማ እያሉ ጸሓፊዎች ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል።

ምስጋናው የሚገባ ነው፤ ከዚያ ላይ ልንቀንስ አንሻም። ነገር ግን የመጨረሻው ዜማ ምን እንደ ሆነ የተጨነቀው ሕዝብ፥ እነዚህ ሰዎች ደመወዛቸው ስንት እንደ ነበረ የጠየቀው ጥቂት ጊዜ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር። ቀድሞ የመርከብ ኩባንያዎች ሙዚቀኞችን ራሳቸው ሲቀጥሩ ለአንድ ሰው በወር 6 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ይከፍሉ ነበር። በኋላ ሊቨርፑል ከተማ የነበረ አንድ አቀጣሪ ድርጅት ከኩባንያዎቹ ጋራ ተዋውሎ የሙዚቀኛ ማቅረቡን ሥራ ሲይዝ፥ ደመወዙ ወደ 4 ፓውንድ ወረደ። የደንብ ልብሱም ዋጋ ከሙዚቀኛው ኪስ የሚወጣ ሆነ። ስምንቱ ሰዎች በታይታኒክ ላይ የተሳፈሩት በሁለተኛ ማዕርግ መንገደኞች ቲኬት ነበር። አደጋው ከደረሰ በኋላ ቤተ ሰቦቻቸው ካሳ ሲጠይቁ የመርከቡ ኩባንያ ሠራተኞቼ አይደሉም አለ። አቀጣሪው ድርጅትም ኀላፊነቱን አልተቀበለም።

ከሟቾቹ አንዱ ጆን ሂዩም የሚባል የ21 ዓመት የስኮትላንድ ወጣት ነበር። ልጁ ከሞተ ሁለት ሳምንት ያህል ሲሆነው፥ ለአባቱ ከአቀጣሪው ድርጅት ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው የሐዘን ቃል የያዘ አልነበረም። ለልጅዎ የደንብ ልብስ የወጣ 14 ሺሊንግ ከ7 ፔኒ ስለሚፈለግብዎ ይክፈሉ የሚል ነበር። የሙዚቀኞች ማኅበር ይህን ደብዳቤ በጋዜጣው ስላወጣው ለታሪክ ተረፈ።

አንባቢ ሆይ፥ ሐውልቱንና ደብዳቤውን ጐን ለጐን አድርገህ ተመልከት። አንዱን ሰው በአንድ ወር ውስጥ ሕዝቡ ጀግና አለው፤ ቀጣሪው ደግሞ ባለዕዳ አለው። እነዚህ ሰዎች መርከቧ ባትሰጥም ኖሮ ስማቸውን ማን ያውቀው ነበር? በየማታው ለእራት የሚጫወቱት ዜማ፥ በየጉዞው የሚያጠኑት የሙዚቃ ዝርዝር፥ ለቤተ ሰብ የሚልኩት ጥቂት ገንዘብ በማንም ዘንድ አይነሣም ነበር። ስለዚህ የታይታኒክ ዝና የሙዚቀኛውን ሞት እንጂ ሥራውን የሚያሳይ አይደለም እንላለን።

ሁለተኛው ታሪክ ልብ ወለድ ነው። የኢጣልያው ደራሲ አሌሳንድሮ ባሪኮ በ1994 «ኖቬቼንቶ» የሚል በአንድ ተዋናይ የሚነገር ድርሰት አሳተመ። ጁሴፔ ቶርናቶሬ በ1998 ፊልም አደረገው፤ የፊልሙንም ሙዚቃ የደረሰው ኤንዮ ሞሪኮኔ ነው። ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በ1900 ቨርጂንያን በምትባል መርከብ ላይ አንድ ሕፃን ተጥሎ ይገኛል። የመርከቡ ሠራተኞች ያሳድጉታል። ልጁ ሳያስተምሩት ፒያኖ ያውቃል፤ አድጎም በመርከቧ ባንድ ውስጥ ይጫወታል፤ ነገር ግን በዕድሜው ሙሉ አንድ ጊዜም የብስ አይረግጥም። መርከቧ አርጅታ በድማሚት ልትፈርስ ስትል እንኳ አልወርድም ብሎ ከርሷ ጋራ ይጠፋል።

የድርሰቱን ውበት አንክድም። ሰው ሁሉ ወሰን የሌለው ነገር ያስፈራዋል፤ ደራሲው ይህን ፍርሀት በፒያኖና በከተማ ምሳሌነት በመልካም አድርጎ አሳይቷል። ማታ በማዕበል ጊዜ ፒያኖው ከማሰሪያው ተፈትቶ በአዳራሹ ውስጥ ሲንሸራተት፥ ተጫዋቹም አብሮ እየተንሸራተተ ሲመታ የሚታይበት ክፍል ከተመልካች ልብ አይጠፋም። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ኖቬቼንቶ አይማርም፤ ሁሉን ይዞ ተወልዷል። ደመወዝ አይጠይቅም፤ የሚረዳው እናትም ሚስትም ልጅም የለውም። አለቃው የማይወደውን ቢጫወትም ከሥራው የሚያወጣው የለም። ስለዚህ ደራሲው የፈጠረልን ሙዚቀኛ፥ መንገደኛው በልቡ የሚመኘው ዓይነት ሙዚቀኛ ነው፤ ሁልጊዜ በቦታው የሚገኝ፥ የማይራብ፥ የማይደክም፥ ወደ ቤቱ ልሂድ የማይል።

የሚገርመው ግን እውነተኛው ሠራተኛ በዚሁ ታሪክ ውስጥ በሌላ ሰው አካል መገኘቱ ነው። ታሪኩን የሚነግረን የኖቬቼንቶ ወዳጅ ተቀጥሮ የተሳፈረ መለከት ነፊ ነው። ይህ ሰው ከመርከቡ ወርዷል፤ ሥራም አጥቷል። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ መለከቱን ለአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሲሸጥ እናየዋለን። ከመሸጡ በፊት አንድ ጊዜ እንዲነፋው ሲለምን የሚታይበት ያ አጭር ክፍል፥ ከማዕበሉ ጭፈራ ይልቅ የመርከብ ሙዚቀኛን ኑሮ ይነግረናል። ደራሲውና ፊልም ሠሪው ግን ወደ ተአምረኛው ፒያኖ መቺ ለመድረስ ስለ ቸኰሉ ይህን ሰው ተራኪ ብቻ አድርገው አልፈውታል። ወዳጃችን ያለቀሰለት ኖቬቼንቶ ነው፤ እኛ ግን ስለ መለከት ነፊው ብዙ ልንሰማ በወደድን ነበር።

እንግዲህ ስለ መርከብ ሙዚቀኛ ከመርከብ ሙዚቀኛው አፍ እንስማ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ለጭነት ማጓጓዣነት በባቡር እየተተኩ ሲሄዱ፥ ስትሬክፈስ የሚባሉ ቤተ ሰብ መርከቦቻቸውን ለመዝናኛ ጉዞ አዋሏቸው። ሰው በምሽት ከወደቡ ይሳፈራል፤ በመርከቡ ሰፊ አዳራሽ ሲደንስ ያመሻል፤ ሌሊት ወደ ተነሣበት ይመለሳል። መርከቦቹ በክረምት ከኒው ኦርሊንስ፥ በበጋ ከሴንት ሉዊስ ይነሡ ነበር፤ ወደ ሰሜንም ከከተማ ወደ ከተማ ይጓዙ ነበር። ለእንዲህ ያለው ንግድ ዋናው ዕቃ ሙዚቃ ነው።

የባንዱ መሪ በ1890 በኬንታኪ የተወለደው ፌት ማራብል ነበር። ከ1907 ጀምሮ በነዚሁ መርከቦች ላይ ፒያኖ ይጫወት ነበር። ከመርከቡ ጣራ ላይ ደግሞ ካላዮፒ የሚባለውን፥ ከመርከቡ እንፋሎት እየሳበ እንደ ፉጨት የሚጮኸውን ትልቅ መሣሪያ ይጫወታል። መርከቡ ወደ ከተማ ሲቃረብ ሕዝቡ ይህን ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ ወደ ወደቡ ይወርዳል። መሣሪያው በእንፋሎት የሚሠራ ስለ ሆነ መምቻዎቹ እጅ ያቃጥላሉ፤ ድምፁም ቅርብ የቆመውን ሰው ጆሮ ይጎዳል። ስለዚህ ማራብል ጓንት አጥልቆ፥ ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ይጫወት ነበር። ከወደቡ ቆሞ ለሚሰማው ሰው ደስ የሚል ዜማ ነበር፤ ለሚጫወተው ግን ከምድጃ አጠገብ እንደ መሥራት ያለ ድካም ነበረው።

ይህ ማራብል በ1919 ገደማ ከኒው ኦርሊንስ ካሰባሰባቸው ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቀኞች መካከል ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ሉዊ አርምስትሮንግ አንዱ ነበር። ከበሮ መቺው ቤቢ ዶድስም አብሮ ነበር። ሁለቱም ኋላ ስለዚህ ሥራ ተናግረዋል። አርምስትሮንግ የወጣትነት ታሪኩን በ1954 አሳተመ፤ ዶድስ ሲናገር የተጻፈለት መጽሐፍ በ1959 ወጣ። ሁለቱን መጻሕፍት አንድ ላይ ማንበብ እጅግ ይጠቅማል፤ አንዱ የሚያልፈውን ሌላው ይናገራልና።

አርምስትሮንግ መርከቡን የሚያስታውሰው በምስጋና ነው። ሲቀጠር ኖታ ማንበብ አይችልም ነበር። ባልደረባው ዴቪድ ጆንስ በዕረፍት ጊዜ እያስቀመጠ አስተማረው። ማራብል ጥብቅ መሪ ስለ ነበረ፥ የተሳሳተ ሰው በጓደኞቹ ፊት ስሕተቱን ሳይሰማ አይቀርም። የመንገደኛው ምርጫ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ አዲስ ዜማ በየጊዜው ይመጣል፤ በጆሮ ብቻ የሚሄድ ሰው ይህን ሊከተል አይችልም። በ1922 አርምስትሮንግ ወደ ቺካጎ ሄዶ በንጉሥ ኦሊቨር ባንድ ውስጥ ሲገባ፥ ከወንዙ ላይ ያገኘውን ትምህርት ይዞ ነበር። ይህም የመርከብ ሙዚቀኛ ጥበብ የለውም ለሚለው ለሁለተኛው ወዳጃችን በቂ መልስ ይመስለናል። ለመንገደኛ መጫወት ለዚህ ሰው ትምህርት ቤት ሆኖለታል።

ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ ያለ ሕመም አልነበረም። በዚያ ዘመን ነጭና ጥቁር በነዚህ መርከቦች ላይ አብረው አይሳፈሩም ነበር። በሴንት ሉዊስ ለጥቁሮች የተፈቀደው ሰኞ ማታ ነበር፤ የቀሩት ምሽቶች የነጮች ናቸው። ሙዚቀኞቹ በሳምንቱ ብዙ ቀን ራሳቸው በመንገደኛነት ሊሳፈሩበት በማይችሉት አዳራሽ ውስጥ ሌላውን ያስደንሱ ነበር። አርምስትሮንግ ራሱ እንደ ጻፈው፥ በሰሜን በሚገኙት ከተሞች ጥቁር ባንድ አይቶ የማያውቅ ሕዝብ በመጀመሪያ ክፉ ቃል ይወረውርባቸው ነበር፤ ሙዚቃውን ከሰማ በኋላ ግን ይለዝባል። አርምስትሮንግ ይህን በአጭሩ ተናግሮ ያልፋል። እኛ ግን እንደርሱ በፍጥነት ልናልፈው አንችልም። የሰደበህን ሰው እግሩ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ሳትቈጣ መጫወት፥ በኖታ ያልተጻፈ ከባድ የሥራው ክፍል ነው።

ዶድስ ደግሞ ሌላውን ነገር ይነግረናል። ከመርከቦቹ ባለቤቶች ሙዚቃ የሚያውቁ ነበሩ፤ ከልምምዱ ቦታ ተገኝተው የዜማውን ፍጥነት ይቈጣጠሩ ነበር። ዳንሱ ለሚደንሰው ሰው እርምጃ እንዲስማማ ይሻሉ። በ1921 ባለቤቶቹ የባንዱን አመታት እንዲለወጥ አዘዙ። ዶድስና አርምስትሮንግ ግን የታዘዘው አመታት የኛ አይደለም፤ እንደዚያ ልንጫወት አይሆንልንም ብለው ሥራውን ለቀው ወረዱ። አርምስትሮንግ በምስጋና በሚያስታውሰው መርከብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ከዶድስ ባንሰማ ኖሮ፥ መርከቡ ትምህርት ቤት ብቻ ይመስለን ነበር። የታሪክ ምሁሩ ዊልያም ሃውላንድ ኬኒ በ2005 ስለዚሁ የወንዝ ሙዚቃ ባወጣው መጽሐፍ የሥራውን ሁኔታና የዘሩን ልዩነት አያይዞ የመረመረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁለቱ ማንን እንመን? ሁለቱንም ማመን ይገባል ብለን እንፈርዳለን። መርከቡ አስተምሯል፤ መርከቡ አስሯልም። የተማረው ሰው ትምህርቱ ሲሞላለት፥ የሚታዘዘው ነገር ከሚያውቀው ነገር ጋራ የማይስማማበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ ወይ ይታዘዛል ወይ ይወርዳል። ኖቬቼንቶ አልወርድም በማለቱ ተደነቀ፤ አርምስትሮንግና ዶድስ ግን በመውረዳቸው ለዓለም ሙዚቃ ጠቀሙ። ሆኖም ማራብል አልወረደም። ሦስት ዐሥርት ዓመት ያህል በዚያው ወንዝ ላይ ሌሎችን ሲያስተምርና ሲመራ ኖሮ በ1947 ሞተ። ከዚያ ሁሉ ሌሊት በሸክላ የተቀረጸለት በ1924 የተሠራ አንድ ሸክላ ብቻ ነው፤ ሁለት ገጽ፥ ሁለት ዜማ።

በዚህ ላይ አንድ ክርክር ሊነሣብን ይችላል። በትእዛዝ የሚሠራ፥ ለዳንስ የሚለካ፥ ለሚበላና ለሚጠጣ ሰው የሚቀርብ ሙዚቃ ጥበብ ሊባል አይችልም የሚሉ አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በየማታው አንድ ዓይነት ዜማ መደጋገም ልብን የሚያደነዝዝ መሆኑን፥ ብዙ የመርከብ ባንድም ከልማድ በላይ አንዳች ነገር ሳያሰማ ዘመኑን የፈጸመ መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን በትእዛዝ መሠራት ሥራን የሚያረክስ ቢሆን ኖሮ፥ በነገሥታት ትእዛዝ የተሣለው ሥዕልና የተሠራው ሕንጻ ሁሉ ከጥበብ መዝገብ ሊፋቅ ነው። ደግሞም ማራብልን በአንዱ ሸክላ ብንለካው እንበድለዋለን፤ ሥራው በሸክላው ላይ የለም። ሥራው ወንዙ ዳር ቆመው በሰሙት፥ በአዳራሹ በደነሱት፥ ከእጁ ተምረው በወጡት ሰዎች ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ የመርከብ ሙዚቀኛን ለመመዘን ሦስት ጥያቄ እናቀርባለን። ሳይጠሩት የሰሙትን ሰዎች ልብ ሊይዝ ችሏልን? ከመርከቡ ሲወርድ ከተሳፈረበት ቀን ይልቅ ዐዋቂ ሆኗልን? የድካሙን ዋጋስ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ አግኝቷልን? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ለሙዚቀኛው ናቸው። ሦስተኛው ግን ለቀጣሪውና ለኛ፥ ማለት ለሰሚዎቹ ነው። የታይታኒክ ወሬ ሦስተኛውን ረሳ፤ ኖቬቼንቶ ሦስተኛውን ጨርሶ አያውቀውም፤ ዶድስ ግን አስታወሰን።

ወደ መነሻችን እንመለስ። ወዳጃችን ሙዚቀኛውን ሊያዋርድ ሲፈልግ የመረጠው ቃል «አዝማሪ» የሚል ነበር። ቃሉ በመሠረቱ ስድብ አይደለም፤ የሙያ ስም ነው። ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። የኛ አዝማሪ መርከብ ባይሳፈርም ሥራው ከመርከቡ ሙዚቀኛ ሥራ ጋራ ይዛመዳል። በጠጅ ቤትና በድግስ ቤት ሊበሉና ሊጠጡ ለመጡ፥ ነገ ለሚበተኑ ሰዎች ይጫወታል። የገባውን እንግዳ ወዲያው አይቶ ለመልኩና ለጠባዩ የሚስማማ ግጥም ያወጣለታል። ዋጋው ግን ደመወዝ ሳይሆን ሽልማት ነው፤ የሚሰጠው ሰው ደስ ሲለው ይሰጣል፤ ደስ ካላለው ይተዋል።

ከዓመታት በፊት በአንድ ወዳጃችን ሠርግ ላይ ከአስተናጋጆቹ አንዱ ነበርን። መሰንቆ መቺው ከቀትር ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ ሲጫወት ዋለ። ሙሽራውን አመሰገነ፤ ሚዜዎቹን አሳቀ፤ አማቶቹን አስታረቀ ለማለት ይቻላል። እንግዳው በየተራው ተነሥቶ በላ፤ ወጡ ደጋግሞ ወጣ። አዝማሪውስ በላ ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ጠያቂ መሆን የሚገባን እኛ ነበርን፤ ሥራችን ያ ነበርና። ማታ መሰንቆውን በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ በጓሮ በር ሲወጣ አየነው። ልንጠራው አሰብን፤ ነገር ግን እንግዶች ይጠብቁን ነበርና ሳንጠራው ቀረን። ስለ ሂዩም አባት ደብዳቤ ባነበብን ጊዜ ይህ ሰው ከፊታችን ቆመ። የሊቨርፑሉን ድርጅት ለመውቀስ ብዕራችንን ስናነሣ፥ እጃችን ጥቂት የዘገየው ስለዚህ ነው።

ዐፄ ምኒልክ በኛ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛውን በሙያው የሚሰድበውን ሰው ገሥጸዋል፤ አንጥረኛውና ሸማኔው በእጃቸው ሥራ ሊሰደቡ እንዳይገባ አስጠንቅቀዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬ በመድረክ ቆሞ በሺህ ለሚቈጠር ሕዝብ የሚዘፍነውን ሰው «አርቲስት» ብለን እናከብራለን፤ ከማዕዳችን አጠገብ ቆሞ የሚጫወትልንን ግን ያው በቀድሞው ዐይን እናየዋለን። ልዩነቱ በጥበቡ ነው ወይስ በቆመበት ቦታ? ዘመዶቻችን «ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው» ይላሉ፤ እሾሁን ግን ሠሪው ላይ የምንተክለው አንዳንድ ጊዜ እኛው ራሳችን መሆናችንን ልብ ልንል ይገባል።

ለመምህራንና ለተማሪዎች ይህን አንድ ሐሳብ ልናቀርብ እንወዳለን። ስለ ሙዚቃ ስትጽፉ ስለ ዜማው ውበትና ስለ ሞቱ አሟሟት ብቻ አትጻፉ። ሰውዬው ማን ይባላል፥ ከማን ተማረ፥ በቀን ስንት ሰዓት ይጫወታል፥ ስንት ይከፈለዋል፥ ሳይከፈለው ቢቀር ለማን ይጮኻል ብላችሁ ጠይቁ። በአገራችን በየሠርጉና በየጠጅ ቤቱ የሚጫወቱት ሰዎች ቃላቸውን የሚጽፍላቸው ሳያገኙ ብዙዎቹ አልፈዋል። ዶድስ ተናግሮ የጻፈለት ባይገኝ ኖሮ የአርምስትሮንግን መውረድ ምክንያት ከርሱ አንሰማውም ነበር። እኛም ያን መሰንቆ መቺ ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። በሚመጣው ድግስ፥ አስተናጋጅ ሆነን ብንገኝ፥ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው እርሱን ይሆናል።